ራሷን መደበቅ የማትችለው ኤሊ

ልጆች፣ የአገራችንን ኤሊ ሳታውቋት አትቀሩም። ሣር ለሣር ቀስ እያለች ስትሄድ ድንገት ከነኳት ራሷንና አራት እግሯን ሰብስባ ቅርፊቷ ውስጥ ትገባለች። ውሻ ቢያሸታት፣ ልጅ ቢያገላብጣት ንቅንቅ አትልም። ሁሉም ጥሏት እስኪሄድ እዚያው ትቆያለች።

ዛሬ የማስተዋውቃችሁ የእሷን ዘመድ ነው። ይህችኛዋ የምትኖረው ባሕር ውስጥ ነው። በጣም ትልቅ ናት፣ ዋና ታውቅበታለች፣ ውቅያኖስ ታቋርጣለች። አንድ ነገር ግን አይሆንላትም፤ ራሷንና እግሮቿን ወደ ቅርፊቷ ማስገባት አትችልም። ቅርፊቷ ለዋና እንዲመች ጠፍጠፍ ብሎ ከኋላ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ውስጡ ለመሸሸጊያ የሚሆን ቦታ የለውም። የፊት እግሮቿም ረጃጅም መቅዘፊያ ሆነዋል። ስለዚህ ጠላት ሲመጣባት የምትድነው በዋና እንጂ በመደበቅ አይደለም። ውሃ ውስጥ ሳለች ይህ ይበቃታል። የሚቸግራት ወደ የብስ ስትወጣ ነው። ያን ጊዜ ሰው ደግ ከሆነላት ትተርፋለች፣ ካልሆነላት አትተርፍም።

መጀመሪያ ሰውነቷን እንይ። የኤሊ ቅርፊት አውልቃ የምታስቀምጠው ልብስ አይደለም። ከአከርካሪዋና ከጎድን አጥንቶቿ ጋር አንድ ሆኖ ያደገ የራሷ አካል ነው። ጀርባዋን ብትነኳት ይሰማታል። ባሕር ውስጥ ብትኖርም ዓሣ አይደለችም፤ የምትተነፍሰው እንደ እኔና እንደ እናንተ በሳንባ ነው። አየር ለመሳብ ብቅ ትልና ተመልሳ ትጠልቃለች። ስትተኛ ትንፋሿን ለሰዓታት ይዛ መቆየት ትችላለች። ስትዋኝና ምግብ ስትፈልግ ግን ቶሎ ቶሎ መውጣት አለባት። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ስለ ዓሣ መረብ ስንነጋገር ያስፈልገናል።

ሌላም አለ። እኛ የባሕር ውሃ ብንጠጣ ጨዉ ያሳምመናል። እሷ ግን ዕድሜ ልኳን የምትኖረው እዚያ ነው። ታዲያ ጨዉን የት ታደርገዋለች? ከዓይኖቿ አጠገብ ከአንጎሏ የሚበልጡ ሁለት ዕጢዎች አሏት። ትርፉን ጨው ከደሟ ለቅመው በዓይኗ በኩል ወፍራም እንባ አድርገው ያወጡታል። ወደ የብስ የወጣች ኤሊ ያዩ ሰዎች «እያለቀሰች ነው» ይላሉ። አላለቀሰችም፤ ጨው እያስወገደች ነው።

በዓለም ላይ 7 ዓይነት የባሕር ኤሊ አለ። ሁሉንም አልዘረዝርላችሁም፤ ሦስቱን ብታውቁ ለዛሬ ይበቃል። አንዷ አረንጓዴ ኤሊ ናት። አድጋ ስትጨርስ አንድ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ከ150 ኪሎ በላይ የምትመዝንም አለች። ልጅ ሳለች ያገኘችውን ትበላለች፤ ካደገች በኋላ ግን ምግቧ በአብዛኛው የባሕር ሣር ነው። ጥርስ የላትም፤ ሣሩን የምትቆርጠው ጠርዙ እንደ መጋዝ በተከረከመ አፏ ነው። ሁለተኛዋ ሀውክስቢል ትባላለች። አፏ እንደ ጭልፊት መንቁር ሹል ስለሆነ በኮራል ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ስፖንጅ የሚባል የባሕር እንስሳ እየጎረጎረች ታወጣለች። እነዚህ ሁለቱ ለእኛ ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር ይኖራሉ፤ በደሴቶቹና በዳርቻዎቹ አሸዋ ውስጥም እንቁላል ይጥላሉ።

ሦስተኛዋ ሌዘርባክ ከሁሉም ትልቋ ናት። ጀርባዋን የሚሸፍነው ጠንካራ ቅርፊት ሳይሆን ወፍራም ቆዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በእንግሊዝ አጠገብ በምትገኘው በዌልስ ዳርቻ አንድ ወንድ ሌዘርባክ ሞቶ ተገኘና ቢመዘን 916 ኪሎ ሆነ። ይህ ሁሉ ሰውነት የሚገነባው ደግሞ ጄሊፊሽ በሚባል ውሃማ እንስሳ ነው። ጄሊፊሽ የሚያሟልጭ ስለሆነ ከአፏ እንዳያመልጥ ጉሮሮዋ በሙሉ ወደ ውስጥ በተቀሰሩ እሾሃማ ነገሮች ተሞልቷል። የገባው አይወጣም። ይህም ነገር ኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ኦማን እንሂድ። በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ሱር ከምትባለው ከተማ ማዶ፣ ራስ አል ጂንዝ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። አረንጓዴ ኤሊዎች ዓመቱን ሙሉ፣ በተለይም በበጋቸው ወራት፣ እንቁላል ሊጥሉ ወደዚያ ይመጣሉ። የኦማን መንግሥት ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1996 የኤሊዎች መጠበቂያ አድርጎታል። ዛሬ እንግዳ ወደ ዳርቻው የሚወርደው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ ሌሊት በባትሪ ማብራትና ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው።

ኤሊዋ የምትወጣው ሲጨልም ነው። ከሞገዱ ብቅ ትልና መጀመሪያ ቆም ትላለች። የሚንቀሳቀስ ሰው ወይም መብራት ካየች ሳትጥል ወደ ባሕሩ ልትመለስ ትችላለች። ካላየች መሄድ ትጀምራለች። መሄድ ስላችሁ ግን በመከራ ነው። ውሃ ውስጥ የማይሰማት ክብደት አሸዋ ላይ ይጫናታል፤ መቅዘፊያዎቿን ወደፊት ወርውራ ሰውነቷን ትጎትታለች፣ ትቆማለች፣ በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ትጎትታለች። ማዕበል ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ስትደርስ በፊት እግሮቿ አሸዋውን እየበተነች መላ ሰውነቷን የሚይዝ ጉድጓድ ታዘጋጃለች።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ እኔን በጣም ይደንቀኛል። የእንቁላሉን ጉድጓድ የምትቆፍረው በኋላ እግሮቿ ነው። አንገቷ ወደዚያ ስለማይዞር የምትሠራውን አታይም። አንዱን የኋላ እግር ወደ ጉድጓዱ ሰድዳ ጫፉን ታጥፍና ጥቂት አሸዋ ትዝቃለች፤ ቀስ ብላ አውጥታ በጎን ታፈሳለች። ከዚያ ተራው የሌላኛው እግር ነው። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። እግሯ ከታች መድረስ ሲያቅተው ጉድጓዱ በቃው ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት እያደረገች ከ100 የሚበልጥ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሎቹ ነጭና ድቡልቡል ናቸው፤ መጠናቸው የፒንግ ፖንግ ኳስ ያህላል። ቅርፊታቸው ለስላሳ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ሲወድቅ አይሰበርም። ስትጨርስ አሸዋውን መልሳ ትደፍናለች፤ ቀበሮና ሌላ አውሬ ቦታውን እንዳይለየው ዙሪያውን አሸዋ እየበተነች ታመሳቅለዋለች። ከዚያ ወደ ባሕሩ ትመለሳለች።

ልጆቿን አታያቸውም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ በዚያው አካባቢ ሌላ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ በአንድ ወቅት ብዙ ጊዜ እንዲህ ታደርጋለች። ከዚያ ወደ ሣር ግጦሿ ትሄድና ለዓመታት አትመለስም። እንቁላሎቹን የሚታቀፋቸው አሸዋው ነው።

የአሸዋው ሙቀት ደግሞ ሌላም ነገር ይወስናል። የሰው ልጅ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ ገና ሲፀነስ የተወሰነ ነው። የባሕር ኤሊ ግን እንዲህ አይደለም። አሸዋው 29 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ ወንድም ሴትም ይፈለፈላል፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ሴቶቹ ይበዛሉ፤ ሲቀዘቅዝ ወንዶቹ። እንግዲህ ምድር እየሞቀች ስትሄድ ምን እንደሚሆን ገምቱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ሞቃት ከሆነው ከአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል የመጡ ወጣት አረንጓዴ ኤሊዎችን መርምሮ ከ100 ውስጥ 99ኙ ሴቶች መሆናቸውን አገኘ። ወንድ ከጠፋ እንቁላል ቢጣልም ጫጩት አይኖርም። ይህ በእውነት የሚያሳስብ ነገር ነው።

ሁለት ወር ገደማ ሲሞላ ጫጩቶቹ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ባለች ሹል ነገር ቅርፊቱን ቀደው ይወጣሉ። ሹሏ ነገር ኋላ ትረግፋለች። ወጡ ማለት ግን አየር አገኙ ማለት አይደለም፤ ገና ጥልቅ አሸዋ ውስጥ ናቸው። አንድ ጫጩት ብቻዋን ያን ሁሉ መቆፈር አትችልም። ሁሉም አብረው ይፍጨረጨራሉ፤ ከላይ ያሉት ጣሪያውን ያፈርሳሉ፣ የፈረሰው አሸዋ ወደ ታች ይወርዳል፣ የታችኞቹ ይረግጡታል፤ በዚህ ሁኔታ ወለሉ ከእነሱ ጋር ከፍ እያለ ይሄዳል። ይህ ቀናት ይፈጃል። ወደ ላይኛው አሸዋ ሲቃረቡ አሸዋው የሚያቃጥል ከሆነ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲቀዘቅዝ ይወጣሉ። ለዚህ ነው አብዛኞቹ ሌሊት የሚወጡት። በሌሊት ፀሐይ አያደርቃቸውም፣ የባሕር ወፎችም በቀላሉ አያዩዋቸውም።

እያንዳንዷ ጫጩት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። እናት የላትም፤ መንገድ የሚያሳያትም የለም። ታዲያ ባሕሩ ወዴት እንደሆነ በምን ታውቃለች? በብርሃን። ሰው በሌለበት ዳርቻ ሌሊት ከየብሱ ይልቅ ከባሕሩ በላይ ያለው ሰማይ ደመቅ ይላል፤ የየብሱ ወገን በኮረብታና በዛፍ ይጨልማል። ጫጩቷ ወደ ደመቀው ትሮጣለች። ይህ ዘዴ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሠርቷል። አሁን ግን በየዳርቻው ሆቴልና መንገድ አለ፤ መብራታቸው ከባሕሩ ይልቅ ይደምቃል። ጫጩቶቹ ፊታቸውን አዙረው ወደ መንገዱ ይሮጣሉ። አንዳንዶቹ በመኪና ይዳጣሉ፣ የቀሩት ሲነጋ በፀሐይ ይደርቃሉ። ይህን አደጋ ለማስቀረት ውድ ነገር አያስፈልግም፤ አምፖሉን ማጥፋት ይበቃል።

ባሕሩ ጋ የደረሱትም ገና አልዳኑም። መንገድ ላይ ሸርጣንና ወፍ፣ ውሃ ውስጥ ዓሣ ይጠብቃቸዋል። ከ1,000 ጫጩት ምናልባት አንዷ ብቻ ለአዋቂነት ትደርሳለች ይባላል። ለዚህ ነው እናት ኤሊ ያን ያህል እንቁላል የምትጥለው። ለዚህም ነው ያደገች አንዲት ኤሊ መሞት ከባድ ጉዳት የሚሆነው፤ እሷን የሚተካ እስኪገኝ ብዙ ጫጩት፣ ብዙ ዓመት ያልፋል። አረንጓዴ ኤሊ ለመውለድ የምትደርሰው ከ20 ዓመት በኋላ ነው፤ አንዳንዷ እስከ 40 ትቆያለች። ዛሬ ማታ ራስ አል ጂንዝ ላይ የምትቆፍረው ኤሊ እናቶቻችሁ ሕፃናት ሳሉ የተፈለፈለች ልትሆን ትችላለች።

ስትደርስም የትም ሄዳ አትጥልም። ወደ ተፈለፈለችበት አካባቢ ትመለሳለች። በብራዚል ዳርቻ ሣር የሚበሉ አረንጓዴ ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ወዳለችው አሴንሽን ደሴት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዋኛሉ። ደሴቷ በጣም ትንሽ ናት፤ ያገኟታል። ተመራማሪዎች እንደደረሱበት የባሕር ኤሊዎች የመሬትን መግነጢሳዊ ኃይል መለየት ይችላሉ። የኮምፓስን ቀስት የሚያዞረው ያው ኃይል ነው። ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የት እንዳሉ ይነግራቸዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ፍጡር ሰዎች ምን አደረጓት? በሏት። ሥጋዋ በአውሮፓና በአሜሪካ ለሾርባ ተፈለገ። የሀውክስቢል ቅርፊት ማበጠሪያና የመነጽር ክፈፍ ሆኖ ተሸጠ። እንቁላሏ ከአሸዋ እየተዛቀ ገበያ ወጣ። ከመርከብ አጠገብ ከሚዋኝ እንስሳ ይልቅ ዳርቻ ላይ የወጣችን ኤሊ መያዝ ቀላል ነው፤ በጀርባዋ ከገለበጧት መነሳት ያቅታታል።

ነገሩ እንዲቀየር ካደረጉት ሰዎች አንዱ አርኪ ካር የሚባል የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በኮስታ ሪካ ቶርቱጌሮ በምትባል ዳርቻ ኤሊዎችን ምልክት ማድረግ ጀመረ። በመቅዘፊያቸው ላይ ቁጥር ያለው ትንሽ ብረት ያስራል፤ ብረቱ ላይም «ይህን ላገኘ ሽልማት አለ» የሚል መልእክትና አድራሻ ተጽፏል። ከሩቅ አገር ዓሣ አጥማጆች፣ በተለይም ከኒካራጓ፣ ብረቱ ከደብዳቤ ጋር ይመጣለት ጀመር። ኤሊዎቹ የት እንደሚሄዱ የታወቀው በዚህ ሁኔታ ነው። ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ቦታውን ብሔራዊ ፓርክ አደረገችው። ቀድሞ በኤሊ ሥጋና እንቁላል ይተዳደር የነበረው መንደር ዛሬ የሚኖረው ኤሊ ለማየት በሚመጣ እንግዳ ነው። አርኪ ካር እ.ኤ.አ. በ1987 አረፈ፤ የጀመረው ምልክት የማድረግ ሥራ ግን እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ሁለተኛው ችግር መረብ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ሽሪምፕ የሚባሉትን ትናንሽ የባሕር እንስሳት ለማጥመድ ጀልባ የሚጎትተው ትልቅ መረብ ኤሊንም አብሮ ይጠርጋል፤ ወጥታ መተንፈስ ስለማትችል ትሰጥማለች። ኬምፕስ ሪድሊ የምትባለው ትንሿ የባሕር ኤሊ ልትጠፋ የደረሰችው በዚህና በእንቁላል ለቀማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሜክሲኮ ውስጥ በአንድ ዳርቻ በአንድ ቀን 40,000 ያህል ሴት ኤሊዎች ሲወጡ በፊልም ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ1985 በዓመቱ ሙሉ የተገኘው 702 ጎጆ ብቻ ነበር። ዳርቻው በጥብቅ ተጠበቀ፤ መረቡ ላይም የብረት ፍርግርግና መውጫ ቀዳዳ ተገጠመ። ሽሪምፑ በፍርግርጉ አልፎ ወደ መረቡ ጫፍ ይሄዳል፤ ኤሊዋ ፍርግርጉን ስትገጨው በቀዳዳው ትወጣለች። ዛሬ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ጎጆ ይገኛል፤ ከአደጋ ግን ገና አልወጣችም።

ለአረንጓዴ ኤሊ ደግሞ የምሥራች አለ። ለረጅም ዓመታት ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ውስጥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቁጥሯ በማገገሙ ከዚያ መዝገብ አውጥቷታል። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አልፈልግም፤ ሰው እጁን ሲሰበስብላት ኤሊዋ የቀረውን ራሷ ትሠራዋለች። ሀውክስቢልና ኬምፕስ ሪድሊ ግን አሁንም በከፋ አደጋ ውስጥ ናቸው።

የቀረው ፌስታል ነው። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፌስታል ከጄሊፊሽ አይለይም። የሌዘርባክን ጉሮሮ አስታውሱ፤ የገባው አይወጣም። ፌስታሉም እንደገባ ሆድ ውስጥ ይቀራል። «እኛ ባሕር የለንም፣ ምን አገባን?» እንዳትሉኝ። አዋሽ እውነት ነው ባሕር አይደርስም። ከደቡብ ምሥራቅ ከፍታዎቻችን የሚነሳው ገናሌ ግን ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆንና ሶማሊያን አቋርጦ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። አገራችንም በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አውጥታለች። ወላጆች፣ ገበያ ስትሄዱ ዘንቢሉን ወይም የጨርቅ ቦርሳውን ለልጆቹ አስይዟቸው፤ አዋጁን ከማንበብ ይልቅ በዚህ ይማሩታል።

በኦማን፣ በኤምሬትስ፣ በሳውዲና በጅቡቲ ለምትኖሩ ልጆች ደግሞ ሥራ አለኝ። ዳርቻ ሄዳችሁ አሸዋ ስትቆፍሩ ከመሄዳችሁ በፊት ጉድጓዱን ድፈኑ፣ የሠራችሁትንም ቤት አፍርሱት፤ እናት ኤሊም ጫጩትም እዚያ ውስጥ ወድቀው መውጣት ያቅታቸዋል። ሌሊት የእጅ ባትሪና የስልክ መብራት አታብሩ። ጫጩት ካያችሁ አንስታችሁ ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ ራሷ ትሂድ። በክረምታቸው ወራት ዳርቻ ላይ የደከመች፣ ጀርባዋ በተለጣፊ የባሕር እንስሳት የተሸፈነች ትንሽ ኤሊ ብታገኙ ግን ወደ ባሕሩ አትመልሷት፣ ታማለች፤ ለአዋቂ ንገሩ። ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን እያከመ ከ2,000 በላይ ወደ ባሕር የመለሰ ማዕከል አለ። ብዙዎቹን ያገኟቸው ዳርቻ ላይ ሲዝናኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው።